ዝቅተኛ ዋጋ ያሸነፈበት ጉድጓድ

ባሕር ዳር ላይ ተጀምሮ የቀረውን የመንግሥት ሕንፃ የከበበው የቆርቆሮ አጥር ዘንድሮም አለ። በቀዳዳው ስታዩ ከኮለኑ አናት የወጣው ፌሮ ዝጎ ቀልቷል፤ የመሠረቱ ጉድጓድ ውሃ አቁሮ እንቁራሪት ይጮህበታል። የሕዝብ ገንዘብ ነው፤ ያንገበግባል!

ነገሩ የሚበላሸው ገና በወረቀቱ ነው። መሥሪያ ቤቱ አማካሪ ቀጥሮ ዲዛይን ያሠራል። አማካሪው በሚያዝያ ሁለት ጉድጓድ አስቆፍሮ «ውሃ የለም» ብሎ ይጽፋል። ጨረታ ወጥቶ በዝቅተኛ ዋጋ የገባው ይወስዳል። ክረምት ላይ ሲቆፈር የጣና ዳር ውሃ ይወጣል፣ መረሬውም (ውሃ ሲጠጣ የሚያብጠው ጥቁር አፈር) ከተገመተው በላይ ጠልቆ ይገኛል። ለየኮለኑ ለብቻው የታሰበው መሠረት (ነጠላ ፉቲንግ) ቀርቶ ከሕንፃው ሥር ሙሉውን የሚነጠፍ የኮንክሪት መሠረት (ማት) ይሁን ይባላል፤ በሥራ ዝርዝሩ ያልነበረ ኮንክሪትና ፌሮ ይመጣል። ኮንትራክተሩ ዲዛይኑን፣ አማካሪው ኮንትራክተሩን ይከሳል። ቫሪየሽኑ፣ ማለትም የሥራና የዋጋ ለውጡ፣ እስኪጸድቅ ሲሚንቶ ይወደዳል። ዋጋውን አጥብቦ የገባው ኮንትራክተር ኪሳራውን የሚችልበት ትርፍ ስለሌለው ማሽኑን ጭኖ ሌላ ሳይት ይሄዳል።

ሐበሻ በሞላባት የአሜሪካዋ ሚኒያፖሊስ እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2007 የአይ-35 ደብሊው ድልድይ ፈርሶ 13 ሰው ሞተ። አዲሱ በሴፕቴምበር 18 ቀን 2008 ለመኪና ተከፈተ፤ ከውሉ ቀን ሦስት ወር ቀድሞ። ዲዛይኑንም ግንባታውንም የያዘው አንድ ቡድን ነበር። ያሸነፈውም ከአራቱ ተጫራቾች በጣም ውዱ ነው፤ 234 ሚሊዮን ዶላር ገደማ! በዋጋው ላይ ተጫራቹ ለሥራው የጠየቀው እያንዳንዱ ቀን በ200,000 ዶላር ተባዝቶ ተደመረና ድምሩ ለቴክኒክ ነጥብ ተካፈለ፤ ትንሹ ውጤት አሸነፈ። አሸናፊው ከ100 ዘጠና አንድ ሲያገኝ ሌሎቹ 70 አልደረሱም። ግብር ከፋዮች ከሰሱ፤ ፍርድ ቤት ግን ውሳኔውን አጸና።

እኛ ዘንድ ይህን ውዱን የመረጠ ኮሚቴ ምን ይባል እንደነበር ታውቁታላችሁ። ለዚህ ነው ሁሉም ዝቅተኛው ቁጥር ሥር የሚደበቀው።

ዲዛይንና ግንባታን ባንድ ውል መስጠት ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ በመንገድ ሥራ ተሞክሯል። ግን ባለቤቱ የሚፈልገውን በቁጥር ካልጻፈ፣ የወለሉን ጭነት፣ የኮንክሪቱን ደረጃ፣ የአገልግሎት ዘመኑን ካላሰረ፣ ኮንትራክተሩ እስከቻለው ያሳሳዋል። ዲዛይኑን የሚፈትሽ ሌላ መሐንዲስ በባለቤቱ በኩል ይቀጠር። ክፍያው በምዕራፍ ይሁን፤ መሠረቱ ሳይፈተሽ የመሠረቱ ክፍያ አይለቀቅ። የአፈሩን ምርመራ ግን ባለቤቱ ራሱ ከጨረታው በፊት ያሠራ። በየማዕዘኑ አስቆፍሮ፣ የውሃውን ከፍታ መስከረም ላይ፣ መሬቱ ጠግቦ ሳለ ይለካ፤ ከተለካው በላይ ውሃ ቢወጣ ማን እንደሚከፍልም ውሉ ላይ ይጻፍ።