ድምፅና ፒያኖ ብቻ፦ ይበቃል ወይስ ይጎድላል?

የክርክሩ ሐሳብ «ዘፋኝና ፒያኒስት ሁለት ብቻ ሆነው የሠሩት የጃዝ አልበም ምንም አይጎድለውም» የሚል ነው። የምትደግፈው ደብረ ብርሃን የምትሠራ ነርስ ናት፣ የሚቃወሙት ደግሞ ሸዋ ሮቢትና አካባቢዋ ሃያ ዓመት ሰርግ ላይ ኪቦርድ የተጫወቱ ሰው ናቸው። የጻፉት እንዳለ ቀርቧል። የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።

ከደብረ ብርሃን

የሌሊት ተረኛ ስሆን ከስምንት ሰዓት በኋላ ዋርዱ ጭጭ ይላል፣ የኛን ብርድ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ጋቢዬን ጋውኔ ላይ ደርቤ አንድ ጆሮዬ ላይ ኢርፎን አደርጋለሁ፣ ሌላኛው ለጥሪ ክፍት ነው። አሜሪካዊው ዘፋኝ ቶኒ ቤኔትና ፒያኒስቱ ቢል ኢቫንስ እንደ ፈረንጆቹ በ1975 ሰኔ ላይ ካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ የቀዱትን አልበም መጀመሪያ የሰማሁት እንደዛ ሆኜ ነው። ዘጠኝ ዘፈን ነው፣ በአራት ቀን ነው የተቀዳው። ድራም የለ፣ ቤዝ የለ፣ ቫዮሊን የለ። «ሰም አዘር ታይም» የሚለው ላይ ኢቫንስ ሲጀምር ሁለት ኮርድ (አንድ ላይ የሚነኩ ድምፆች) ብቻ ነው ወዲያና ወዲህ የሚያመላልሰው፣ የተኛ ሰው ደረት ከፍ ዝቅ ሲል እንደማየት ነው፣ እኔ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ የማየው እሱን ነው። ከዛ ቤኔት ይገባል። ቤኔት እኮ ኦርኬስትራ ፊት ቆሞ ደረቱን ነፍቶ የሚዘፍን ሰው ነው፣ እዚህ ግን አጠገባችሁ ወንበር ስቦ እንደተቀመጠ ሰው ነው የሚያወራችሁ፣ ትንፋሽ ሲስብ እንኳን ይሰማል።

እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። ባንድ መደበቂያ ነው። ድራሙ ሲመታ ጡሩምባው ሲጮህ ዘፋኙ ቢስት ባይስት ማን ይሰማዋል? ሁለት ብቻ ሲሆኑ ግን የሚሸሹበት ጥግ የለም፣ ያለው ሁሉ ይወጣል። ደግሞ እኛ ምኑ ይገርመናል፣ አንድ ማሲንቆና አንድ ጉሮሮ ይዞ ሌሊቱን የሚያነጋ አዝማሪ ያሳደገን ሰዎች ነን።

ከሸዋ ሮቢት

እህቴ ጽሑፍሽን ሁለቴ አነበብኩት፣ ስለ ተረኝነትሽ የጻፍሽው ደስ ይላል። «ባንድ መደበቂያ ነው» የሚለው ግን ከብዶኛል፣ እውነቱን ልንገርሽ ሌሊቱን ሲከነክነኝ ነው ያደረው። እኔ ሃያ ዓመት ከዘፋኝ ጀርባ ቆሜያለሁ። ጉንፋን ይዟት ድምፅዋ የማይወጣላትን ልጅ ኪይ (የዘፈኑን ከፍታ) አውርጄ አሳልፌያታለሁ፣ ግጥም የጠፋበትን ልጅ መግቢያውን ደጋግሜ እስኪያስታውስ ጠብቄዋለሁ። ይሄን መደበቅ ነው የምትይው? እኛ ይሄን መያዝ ነው የምንለው።

አንድ ጊዜ ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ ሰርግ ላይ እየተጫወትን መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ እምቢ አለ። የኔ ኪቦርድ ጠፋ ስፒከሩም ጠፋ፣ ዘፋኟ ማይኩን አስቀመጠችና በባዶ ድምፅዋ ቀጠለች፣ አንዲት እናት ከበሮዋን አነሳች ድንኳኑ በሙሉ ማጨብጨብ ጀመረ፣ ሰርጉ እንደውም የሞቀው ያኔ ነው። ፒያኖ ይምጣልን ያለ ሰው አልነበረም። ሙዚቃን የሚያቆመው ምቱ ነው፣ ፒያኖ ብቻውን እግር የለውም።

የጃዝ ባለቤቶቹም ያውቁታል። ዘፋኟ ኤላ ፊትዝጀራልድና ፒያኒስቱ ኦስካር ፒተርሰን በ1975 ሁለት ሆነው ጀምረው የአልበሙ ገሚስ ላይ ሬይ ብራውንን ቤዝ አስይዘው አስገቡት። ዘፋኟ ሴሲል ማክሎሪን ሳልቫንትና ፒያኒስቱ ሱሊቫን ፎርትነር በ2018 ባወጡት፣ የግራሚ ሽልማት ባገኘውም አልበም ላይ፣ አንዱ ዘፈን ላይ ሳክስፎን አለ። ምንም ካልጎደለ ሰው ለምን ይጠራል? ይሄን መልሺልኝ።

ከደብረ ብርሃን

ጋሼ መጀመሪያ እርስዎን ለማስከፋት አልጻፍኩም፣ ይሄን ይያዙልኝ። ግን የሰርጉ ታሪክዎ እኮ ለኔ ነው የሚመሰክረው! መብራት ሲጠፋ ኪቦርዱም ስፒከሩም ሚክሰሩም ሄዶ አንዲት ዘፋኝና አንዲት ከበሮ ቀሩ፣ ሰርጉ ደግሞ ሞቀ ብለዋል፣ እርስዎ ነዎት ያሉት። ሲቀነስ ሞቀ ማለት ነው እኮ።

«ፒያኖ ብቻውን እግር የለውም» ላሉት ደግሞ ኪቦርድ የሚጫወት ሰው ይሄን በመጻፉ በጣም ነው ያዘንኩት። የግራ እጅ ታዲያ ምንድነው? ኤላ በ1950 ከፒያኒስቱ ኤሊስ ላርኪንስ ጋር የአሜሪካዊውን የዜማ ደራሲ የገርሽዊንን ስምንት ዘፈኖች ስትቀዳ እሷና ፒያኖው ብቻ ናቸው። ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነበር፣ በትልቅ ባንድ ያደገች፣ በፈጣን ዘፈን የታወቀች ሴት። እዛ ላይ ግን አትሮጥም። ላርኪንስ ግራ እጁን ቀስ አድርጎ ያስቀምጣል እሷ ትረግጠዋለች፣ ቃሉ ሳያልቅ አይቀድማትም፣ ስትጨርስ ደግሞ ትንሽ ነገር ጣል አድርጎ ዝም ይላል። በ1954ም ተመልሰው አሥራ ሁለት ዘፈን ሠሩ፣ እንደገና ሁለት ብቻ ሆነው። እግር የሌለው ነገር ላይ ሰው ሁለቴ አይቆምም ጋሼ።

ከሸዋ ሮቢት

ሬይ ብራውንን ዘለልሽው። እሺ ይሁን።

«ሲቀነስ ሞቀ» አልሽ። አልተቀነሰም ልጄ! አንድ ኪቦርድ ወጣና ሁለት መቶ እጅ ገባ፣ ጭብጨባ ባንድ አይደለም ያለሽ ማነው፣ ከሁሉም ባንድ የሚበልጠው እሱ ነው። ደግሞ ያቺ ዘፋኝ ስትጀምር ከኛ ጀርባ ተደብቃ ከነበረ መብራቱ ሲጠፋ ለምን አልጠፋችም? አልተደበቀችማ። ያንን ቃል ነው አንሺልኝ የምለው።

አሁን ወደ ኢቫንስ ልምጣ፣ እሱን ከወደድሽ እኔም እወደዋለሁና። ኢቫንስ እኮ የተከበረው በትሪዮ፣ ሦስት ሆኖ በመጫወት ነው። «ወልዝ ፎር ዴቢ» የራሱ ድርሰት ነው፣ በ1961 ኒውዮርክ ቪሌጅ ቫንጋርድ የሚባል የጃዝ ክለብ ላይ ከስኮት ላፋሮ ቤዝና ከፖል ሞቲያን ድራም ጋር የተጫወተውን ስሚና ከዛ ከቤኔት ጋር ያለውን ስሚ። ላፋሮ አያጅበውም ያወራዋል፣ ኢቫንስ የኮርዱን ሥር ለቤዙ ትቶለት ላይ ላዩን ያሉትን ቀለማም ድምፆች ብቻ ነው የሚነካው፣ እጁ ነፃ ነው። ከቤኔት ጋር ሲሆን ግን ሥሩንም ራሱ መያዝ አለበት፣ ምቱንም ራሱ መጠበቅ አለበት፣ ሽማግሌውንም መጠበቅ አለበት። ሥራ በዝቶበታል። እኔ ጣቴ ስለሚያውቀው ይሰማኛል።

ማሲንቆውንም አላልፈውም። ማሲንቆ የጉሮሮው መንትያ ነው፣ አዝማሪው ድምፁን ሲያጎብጥ ጣቱም ጅማቱ ላይ ይጎብጣል፣ አንድ ሰው ነው ሁለቱን የያዘው። ፒያኖ ቁልፉ የተቆረጠ ነው፣ በዚህና በዚህ መሃል ያለውን ድምፅ አይሰጥሽም። ትዝታን ሲያለቅስ በሚዘፍን ሰው ስር ፒያኖ ብቻ አስቀምጪና እይው፣ አንቺሆዬማ ጭራሽ አይነሳ፣ ድምፁ አንድ ቦታ ቁልፉ ሌላ ቦታ ይቀመጣሉ። እዚሁ ደብረ ብርሃን የተወለደው ኪቦርዲስቱ ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ አኮርዲዮኑን ይዞ «ሸሞንሟናዬ»ን ሲሠራ ሰው አልነበረውም፣ ግን ሪትሙን አልተወውም፣ በድራም ማሽን አስመታው። ያገርሽ ልጅ ነው፣ ብቻውን ሆኖ እንኳን እግር ፈለገ።

ከደብረ ብርሃን

ኃይሉ መርጊያን ስላነሱልኝ አመሰግናለሁ፣ እኔም ስሙን ስሰማ ደረቴ ነው የሚሞላው። ግን እዛ ላይ ዘፋኝ የለም፣ ያለው አኮርዲዮንና ኪቦርድ ነው። ዘፋኝ ሳይኖር ምት ቢፈልግ ምን ይገርማል። በ1961ቱም ቀረፃ ላይ የሚዘፍን ሰው የለም። ላፋሮ የቆመበት ቦታ ላይ ነው ቤኔት የቆመው፣ ያኔ የሚያወራው ቤዝ ነበር፣ አሁን የሚያወራው ሰው ነው፣ ቃል ያለው። ቤኔት ደግሞ በ1975 አርባ ዘጠኝ ዓመቱ ገና አልሞላም፣ ሽማግሌ አይበሉት።

ፒያኖ ትዝታን አይችልም ያሉትን ግን በፍፁም አልቀበልም። ፒያኖ ተጫዋቿ መነኩሲት እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ በደርግ ጊዜ ቤታቸው ተቀምጠው በካሴት የቀዱት አለ፣ እሳቸው ካረፉ በኋላ በ2024 ወጣ፣ በአማርኛ ይዘፍናሉ ፒያኖውንም ራሳቸው ይነካሉ። ሌላ ምንም የለም። ድምፃቸው ሲያጎብጥ ፒያኖው አይከተላቸውም፣ እውነትዎን ነው፣ አይከተልም፣ ቆሞ ይጠብቃቸዋል እንጂ። ያ ክፍተት ነው ሆዴን የሚበላኝ። ድምፁ ሄዶ ፒያኖው በር ላይ ሲቀር።

ከሸዋ ሮቢት

ርዕሱን ያዢልኝ። ጃዝ ነው የተባለው፣ ዘፋኝና ፒያኒስት ሁለት ሰው ነው የተባለው። እማሆይ ጃዝ አልተጫወቱም፣ አንድ ሰው ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማር። እኔ ስለ ቅኝት ያወራሁት ማሲንቆን አንቺ ስላመጣሽው ነው። ደግሞ አሁን «አይከተልም» ብለሽ ራስሽ ፈረድሽ፣ ሲጎድል ደስ ይለኛል ነው ያልሽው፣ ክርክሩ ግን ምንም አይጎድልም ነበር የሚለው። እንግዲህ ይጎድላል ብለሽ ከጻፍሽ እኔና አንቺ ምን ላይ ቀረን? አንድ ቃል ላይ ነው የቀረን፣ እሱንም እስካሁን አላነሳሽም።

ከደብረ ብርሃን

አላነሳውም ጋሼ፣ ለምን እንደማላነሳው ግን ልንገርዎት። ልጅ ሆኜ ሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን ነበርኩ፣ ሠላሳ እንሆናለን። ሁልጊዜ መሃል ነበር የምቆመው። ድምፄ ከፍ የሚልበት ቦታ ላይ አፌን ከፍቼ ድምፅ አላወጣም ነበር፣ ሌሎቹ ስለሚያወጡት ማንም አያውቅም፣ አራት ዓመት ሙሉ። አንድ የጥምቀት ሰሞን ሁለት ሆናችሁ አጥኑ ተባልንና እኔና አንዲት ጓደኛዬ ብቻ ቀረን፣ ያኔ ነው ድምፅ እንደሌለኝ ሳይሆን ሞክሬው እንደማላውቅ የገባኝ። ወጣልኝ። ተንቀጠቀጠ ግን ወጣልኝ። ኢቫንስና ቤኔትን ስሰማ ያ ቀን ነው የሚመጣብኝ። መደበቂያ ያልኩት ተደብቄ ስለማውቅ ነው እንጂ ሰርግ ላይ የሚቆሙትን ሰው ለመንካት አይደለም።

ከሸዋ ሮቢት

ይሄን መጀመሪያ ብትጽፊው ኖሮ እንደዛ አልናደድም ነበር።

ግን እነዛ ሃያ ዘጠኝ ልጆች አልደበቁሽም፣ ድምፅሽ እስኪወጣ ድረስ ቦታሽን ይዘውልሽ ነው የቆዩት። አራት ዓመት ባይዙልሽ ያን ቀን ሁለት ሆነሽ የምትቆሚበት ዜማ ከየት ታመጪው ነበር? እኔ ከዘፋኝ ጀርባ ስቆም የማደርገው እሱን ነው።

አልበሙን ትላንት ማታ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዝግታ ሰማሁት፣ ሙቀቱ አላስተኛ ብሎኝ ውጪ ተቀምጬ። «ሰም አዘር ታይም» ላይ ምንም አልፈለግኩም፣ እሱን እሰጥሻለሁ። «ወልዝ ፎር ዴቢ» ሲመጣ ግን እግሬ ቤዙን ሲጠብቅ አለቀ።