የቆለጥ ሕመም «ብርድ ነው» ተብሎ አይታደርበትም

ሰላም ወንድሜ። የ14 ዓመት ልጅ ሌሊት ቆለጡን በድንገት አሞት ሲነሳ «ብርድ መቶት ነው፤ በሞቀ ጨርቅ ይያዝለትና ይደር» ያልከው መታረም አለበት። በቅንነት እንዳልከው አልጠራጠርም፤ ብዙ ቤት የሚባል ነው። ግን ልጁን ቆለጡን ሊያሳጣው ይችላል።

በዚህ ዕድሜ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የቆለጥ መጠምዘዝ ነው። ቆለጡ የተንጠለጠለበት ገመድ ሲዞር ደም የሚያመላልሱት ሥሮች ይታነቃሉ። ሕመሙ ድንገተኛና ከባድ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወገን። ማቅለሽለሽና ማስመለስ ሊከተል፣ የታመመውም ቆለጥ ወደ ላይ ሊሰቀል ይችላል። አንዳንዱ ልጅ ደግሞ አፍሮ «ሆዴን ነው» ብቻ ይላል። ስለዚህ ታችኛው ሆዱን ያመመው ወንድ ልጅ እዚያም ይታይ። ሕመሙ በጀመረ በ6 ሰዓት ውስጥ በቀዶ ሕክምና ከተፈታ ቆለጡ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። ከዚያ በኋላ ዕድሉ እየጠበበ ይሄዳል። እስኪነጋ መጠበቅ ብሎ ነገር የለም፤ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል!

ሌላ መንስኤ የለም እያልኩ አይደለም። ቀስ ብሎ የሚጀምር፣ ትኩሳትና ሽንት ሲሸና ማቃጠል ያለው ሕመም ብዙ ጊዜ ኢንፌክሽን ነው። በወጣቶች ጨብጥና ክላሚዲያ የሚባሉት የአባላዘር በሽታዎች ያመጡታል። ጆሮ ደግፍም ቆለጥ ሊያሳብጥ ይችላል። የኩላሊት ጠጠርና ቡአ ሕመማቸው እዚያ ድረስ ይሰማል። መለየቱ ግን የሐኪም ሥራ ነው፣ የእኔና የአንተ አይደለም።

«ካላመመ ችግር የለውም» ያልከውም ልክ አይደለም። የቆለጥ ካንሰር ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በማያም እብጠት ነው። ስትዳስስ ጠንካራ ነገር ካገኘህ፣ ባያምህም ተመርመር።