ለክቡር ተንሳፋፊ ደረጃ፦ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር የመዋኛ ገንዳ ደረጃ
ጓሮ፣ ጋርላንድ፣ ቴክሳስ

ጉዳዩ፦ በውሃ ውስጥ ስለመቅለልዎ እና ከውሃ ውጭ ስለመክበድዎ

ክቡር ሆይ፤

አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። ጉዳዩን በቃል ላቀርብልዎ በበጋው መጀመሪያ ብዙ ጊዜ አስቤ ነበር፤ ሆኖም ወደ ጓሮ በወጣሁ ቁጥር የታች እግርዎን ከወለሉ አንሥተው፣ ጎንዎን ለፀሐይ ሰጥተው፣ ተንጋለው ስለማገኝዎ፣ የሥራ ነገር ማንሣቱ ዕረፍትዎን መድፈር ሆኖ ታየኝና ተውሁት። እናቴን አንቺ እያልሁ ያደግሁ ሰው አንድን የፕላስቲክ ዕቃ አንቱ ማለቴን የሚታዘብ አንባቢ ቢኖር፣ በጋውን ሙሉ እርስዎ ጌታ እኔ ሎሌ ሆነን መክረማችንን ሲሰማ ይረዳኛል።

አመጣጥዎን ላስታውስዎ። ቤቱን ስንገዛ ገንዳው ከጓሮው ጋር አብሮ መጣ። በዚህ አገር መሬት አስቆፍሮ ሲሚንቶ ለማስለሰን ገንዘብ ያልተረፈው ሰው፣ እንደ ጎተራ መሬት ላይ የሚቆም፣ ግድግዳው የቆርቆሮ የሆነ ክብ ገንዳ ይገዛና ውስጡን ቪኒል ያለብሰዋል። የእኛው ወርዱ 24 ጫማ፣ የግድግዳው ቁመት 52 ኢንች፣ ማለትም 132 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ 50 ሺህ ሊትር የሚጠጋ ውሃ ይይዛል። መግቢያው ቀጥ ያለ፣ ቀጭን፣ የእግር ጣት ብቻ የሚያስረግጥ መሰላል ነበር። እናቴ ከባሕር ዳር በመጣች በሦስተኛው ቀን መሰላሉን ከላይ እስከ ታች አየችውና፣ “እኔ ዶሮ ነኝ ቆጥ ላይ የምወጣ?” ብላ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ቤት ተመለሰች። ጉልበቷን ያማታል፤ ሐኪሟም ውሃ ውስጥ መራመድ እንደሚበጃት ነግሯታል። እርስዎ የተቀጠሩት በዚህ ምክንያት ነው። እርከንዎ ሰፊ፣ መደገፊያዎ በግራም በቀኝም፣ መልክዎ ነጭ ነው፤ ካርቶንዎ ላይ የተነሣችው ሴትማ መደገፊያውን እንኳ ሳትይዝ እየሳቀች ነበር የምትወርድብዎት።

የሥራ ዝርዝርዎ ረጅም አይደለም። ውሃውን ማጣራት የፓምፑ፣ ጀርሙን መግደል የክሎሪኑ፣ ቅጠል መልቀም የእኔ ድርሻ ሲሆን፣ የእርስዎ ድርሻ ባሉበት መገኘት ብቻ ነው። ድንጋይ የቱን ያህል ዘመን ውሃ ውስጥ ቢቀመጥ ዋና አይለምድም ይባላል፤ እርስዎ ግን በተገጠሙበት ዕለት፣ የላይኛውን ብሎንዎን አጥብቄ ሳልጨርስ፣ የታችኛው እርከንዎ ከወለሉ ተነሥቶ እንደ ዳክዬ ጅራት ብቅ አለ።

የቅዳሜውን ነገር ባላነሣው እወድ ነበር። አጎቴ፣ ጋሼ የምንላቸው፣ ከባድ ሰው ናቸው፤ ክብደታቸውም በሁለቱም ትርጉም ነው፤ ዕድር ላይ ለመናገር ሲነሡ ወንበሩም ሰዉም እፎይ ይላል። በዚያ ቅዳሜ ቁምጣቸውን እስከ እምብርታቸው ስበው፣ እንግዶቹን ሁሉ በፈገግታ ተሰናብተው፣ የመጀመሪያውን እርከን ረገጡ፤ ቻሉ። ሁለተኛውን ሲረግጡ እርስዎ ከታች እግርዎን ነቅለው፣ ከላይ በተያዙበት ብቻ ተንጠልጥለው፣ እንደ በር ወደ ጎን ተከፈቱ፤ ጋሼም በተከፈተው በር ገቡ። ውሃው እስከ ደረታቸው ብቻ በመሆኑ አልተጎዱም፤ ነገር ግን ወጥተው ፎጣ ሲቀበሉኝ ያዩኝ አስተያየት እስከ መስቀል የሚበቃኝ ነበር።

እናቴ ከጥላው ሥር ሆና፣ “ልጄ፣ ይኼ ደረጃ ነው ታንኳ?” አለችኝ። ጥያቄዋ የዋዛ አይደለም፤ ያደገችው ጣና ዳር ነው። እዚያ ለመንሳፈፍ የተሠራ ይንሳፈፋል፤ ደንገል ታጭዶ፣ ደርቆ፣ ታስሮ ታንኳ ይሆንና እህልና እንጨት ተሸክሞ ሐይቁን ያቋርጣል፤ ውሃ ጠጥቶ ሲከብድም ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ደንገል እንኳ ውሃ ውስጥ ሲከርም ይከብዳል፤ እርስዎ ግን አንዲት ጠብታ ሳይጠጡ ከረሙ። ጎንደር ደግሞ በዐፄ ፋሲለደስ ስም በሚጠራው መዋኛ ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ ውሃ ሲለቀቅ፣ የድንጋይ ግንቡ ከቦታው ተነሥቶ ምእመናኑን ሊቀበል የወጣበት አንድም ዓመት የለም።

ፍርዴ እንዳይዛባ ግን ለጠባይዎ ምክንያት እንዳለው ልመስክር። የተሠሩበት ፖሊኢትሊን የሚባል ፕላስቲክ ከውሃ በጥቂቱ የቀለለ ነው፤ በዚያ ላይ እርከኖችዎ ውስጣቸው ባዶ ስለሆነ አየር አምቀው ይይዛሉ። የሲራኩሱ ሊቅ አርኪሜዲስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን እንዳስተማረው፣ ውሃ ውስጥ የገባ ነገር ሁሉ ገፍቶ ባስለቀቀው ውሃ ክብደት ልክ ወደ ላይ ይገፋል። ስለዚህ በየብስ ሁለት ሰው አግዘን ያስገባንዎ እርስዎ፣ ውሃው ውስጥ ሲመዘኑ ከዜሮ በታች ሆነው ተገኙ። በእኛ ቋንቋ እንዲህ ያለው ቀላል ይባላል፤ የከፋኝ ግን ራስዎ መቅለልዎ ሳይሆን እኔን በእንግዶቼ ፊት ማቅለልዎ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያውቁታል፤ ሁሉም የተሞከረው በእርስዎ ላይ ነውና። በመጀመሪያ ወደ 4 ሊትር የሚጠጋ የሚይዙ ባዶ የወተት ጋሎኖችን ውሃ ሞልቼ እርከኖችዎ ላይ አሰርሁ። ከቧንቧው እስከ ገንዳው ስሸከማቸው ክንዴን ገነጠሉኝ፤ ውሃው ውስጥ ሲገቡ ግን እንደሌሉ ሆኑ። ውሃ ውስጥ ያለ ውሃ አንዲት ግራም አይመዝንም። ይህን በትምህርት ቤት ተፈትኜ አልፌበታለሁ፤ ማለፌን ነው አሁን የምጠራጠረው።

ቀጥሎ የእናቴን ምክር ሰማሁ። “ድንጋይ ጫንበት፤ ቆርቆሮ ነፋስ እንዳይወስደው ምን ይደረጋል?” አለችኝ። በሰፈራችን መንገድ ዳር የሚለቀም ድንጋይ ስለሌለ ብሎኬት ገዛሁ። የብሎኬት ጠርዝ እንደ ሞረድ ነው፤ ወለሉን ያለበሰው ቪኒል ደግሞ ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ እርስዎ በተወዛወዙ ቁጥር ብሎኬቱ ይፈገፍገዋል። ከዚህም ሌላ ሲሚንቶው ወደ ውሃው እየለቀቀ፣ ከ7.2 እስከ 7.8 ባለው መካከል መቆየት የሚገባውን ፒኤች፣ ማለትም የውሃውን የአሲድነት መለኪያ፣ ወደ ላይ ይገፋዋል። በአራተኛው ቀን አወጣሁት። ጋራዥ ውስጥ ደግሞ ማንም ሳያነሣቸው ዓመታት ያስቆጠሩ የስፖርት ብረቶች ነበሩ፤ ሥራ በመፍታት ስለምትመሳሰሉ ትግባባላችሁ ብዬ አገናኘኋችሁ። ቀለማቸው በተላጠበት በኩል ዛጉና ሰማያዊው ቪኒል ላይ እንደ ሻይ የቀላ ክብ ምልክት ትተው ወጡ። ምልክቱ እስካሁን አለ፤ እናቴ የሲኒ ማስቀመጫ ትለዋለች።

መልሱ አሸዋ ነበር፤ መመሪያዎም በመጨረሻው ገጽ፣ ጉንዳን በምታነበው ፊደል፣ ይህንኑ ይላል። ልቅ አሸዋ ግን በየስንጥቁ ሾልኮ ወለሉ ላይ ይነጠፋል፤ ስለዚህ በ50 ፓውንድ፣ ማለትም በ23 ኪሎ ገደማ ከረጢት የሚሸጠውን የልጆች መጫወቻ አሸዋ ገዝቼ፣ በተቆረጠ የውሃ ፕላስቲክ አንገት እያንቆረቆርሁ በእነዚያው ጋሎኖች ሞላሁት። አንድ ጋሎን ደረቅ አሸዋ 6 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ክዳኑን ገጥሜ ውሃ ውስጥ ስይዘው ግን እጄ ላይ ቀለለኝ፤ አርኪሜዲስ 4 ኪሎ የሚጠጋውን ወስዶ ለእኔ 2 ኪሎ ተኩል እንኳ ሳይተውልኝ ቀረ። ለካስ በአሸዋው ቅንጣቶች መካከል የተደበቀው አየር ወገንነቱ ለእርስዎ ኖሯል። ክዳኑን ከፍቼ ውሃ በቀስታ ጨመርሁበት፤ አሸዋው ጠቆር እያለ፣ አየሩ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ሲወጣ፣ የአሸዋው ወለል አንድ ጣት ያህል ወረደ። ጎደሎውን በአሸዋ ሞልቼ ዘጋሁት። ያው ጋሎን አሁን ውሃ ውስጥ ከ3 ኪሎ ተኩል በላይ ሆነ። ብቻውን ምንም ያልፈየደው ውሃ፣ አየሩን ሲያስወጣ ግን ባለውለታ ሆነ ማለት ነው።

እንዲህ ያለ 16 ጋሎን አዘጋጀሁልዎ። የላይኛው እርከን ላይ የሚጫን ክብደት እግርዎ እንዳይነሣ ብዙም ስለማይገታዎ አብዛኞቹን ከታችኛው እርከን ጋር በፕላስቲክ ማሰሪያ አሰርሁ፤ የማሰሪያዎቹን ስለታም ጫፍ ቆርጬ እግር እንዳይቧጭሩ ወደ ውስጥ አዞርሁ፤ ከሥርዎም ቪኒሉን የሚጠብቅ ምንጣፍ አነጠፍሁ። ለሰው እንግዳ ያላነጠፍሁትን ምንጣፍ ማለቴ ነው። አንድ ነገር ግን ያለ ሽሙጥ ልናገር፦ ደረጃ ከወለሉ ሲነሣ ከሥሩ የሚፈጠረው ክፍተት ሕፃን ሾልኮ ገብቶ የሚያዝበት ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ የእህቴ ልጆች ሲመጡ፣ አሸዋም ኖረ አልኖረ፣ አንድ አዋቂ ዓይኑን ከገንዳው አይነቅልም።

እናቴም በሚቀጥለው ቅዳሜ መደገፊያውን ይዛ፣ በእያንዳንዱ እርከን ላይ “በስመ አብ” እያለች፣ ወረደች። እርስዎም አልተነቃነቁም። ደረቷ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆማ፣ “ሰው ሆነ” አለችልዎት። እኔም አመንሁ። ይሁን እንጂ መቆምን በተማሩ በሁለተኛው ሳምንት ከጀርባዎ ያለው ውሃ መዘዋወር አቁሞ አረንጓዴ አልጌ አበቀለ፤ ሲንሳፈፉ ቢያንስ ጀርባዎ ይታጠብ ነበር። በየእሑዱ ረጅም እጀታ ባለው ብሩሽ እከክዎታለሁ፤ ይህ በሥራ ዝርዝሬ ውስጥ አልነበረም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። እነሆ መስከረም ገባ፤ የአሜሪካ የሠራተኞች ቀን አለፈ፤ ገንዳው ሊከደን ነው፤ እርስዎም መውጣት አለብዎት። ትናንት እኔ፣ ሁለት ጎረቤቶቼና ይቅርታ ያደረጉልዎ ጋሼ አራት ሆነን ያዝንዎ። ውሃው ውስጥ እስካሉ ድረስ እሺ ብለው መጡ። ልክ የግድግዳው ጠርዝ ላይ ሲደርሱና ውሃው ሲለቅዎ ግን፣ በጋውን ሁሉ ስለምኖት የከረምሁት ክብደት በአንዴ ትዝ አለዎት። 16ቱ ጋሎን ከነውሃቸው 120 ኪሎ ይሆናሉ፤ የራስዎን ሳልጨምር ነው። ጋሼ ወገባቸውን ያዙ፤ አንዱ ጎረቤቴ ስልክ እንደተደወለለት አስመሰለ፤ እርስዎም ግማሽዎ ውስጥ፣ ግማሽዎ ውጭ ሆነው ጠርዙ ላይ ጋለቡ፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎም እዚያው ሆነው እያየሁዎ ነው።

እናቴ ቡናዋን እየጠጣች ከቆየች በኋላ፣ “መጀመሪያ ጋሎኖቹን ብትፈቷቸው ምን ነበረበት?” ብላ ጠየቀች። የመለሰላት የለም።

ስለሆነም ክቡርነትዎ በሚመጣው በጋ ክብደትዎን ውሃ ውስጥ፣ ቅለትዎን ከውሃ ውጭ እንዲያደርጉልኝ እያመለከትሁ፣ እስከዚያው ግን መቀስ ይዤ ልገባ ስለሆነ ከጠርዙ ላይ እንዳይወርዱብኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የገንዳው ባለቤት

ግልባጭ፦
ለጋሼ፣ ወገባቸው ሲሻላቸው እንዲያነቡት
ጋራዥ ላሉት ብረቶች፣ ተራቸው እንዳይመስላቸው