ምንጣፍ ሳነጥፍ ማን ጠየቀኝ?

ዛሬስ ልተንፍሰው። ጎንደር ተወልጄ፣ በአርባ አራቱ ታቦት ሲማል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ጥር 10፣ ለከተራ፣ ታቦቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርድ ምንጣፍ ከሚያነጥፉት ልጆች አንዱ ነበርኩ። ታቦቱ ሲያልፍ ከኋላ እንጠቀልላለን፣ ተሸክመን ሮጠን ፊት እንዘረጋለን። ትከሻዬ እስኪላጥ! ያኔ ማንን እንደምወድ የጠየቀኝ የለም። "ተባረክ" ብቻ።

ባለፈው ዐቢይ ጾም ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። "አባ፣ ልቤ ወደ ወንድ ነው" አልኩ። መስቀል ሊያሳልሙኝ እጃቸው ግማሽ መንገድ ደርሶ ነበር። መለሱት። ከዚያ "ሰባት ቀን ጠበል ግባ" አሉኝ። ገባሁ። ጥርሴ እስኪንቀጫቀጭ በረደኝ። ወጣሁ፤ ያው እኔ ነኝ።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት እንደማይፈቅድ አውቃለሁ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 629 ድርጊቱን ወንጀል ብሎታል። እኔ ግን ዳሩኝ አላልኩ! ጥግ ይዤ ላስቀድስ ነው ያልኩት። "ሰዶም" በተባለ ቁጥር አንገቴን ደፍቼ የነጠላዬን ክር እቆጥራለሁ። አራጣ አበዳሪው ግን ፊት ለፊት ቆሞ ያስቀድሳል፤ ዞር ብሎ የሚያየውም የለም። (ምንጣፉን የገዛው እሱ ነው ይባላል።)

እናቴ ደግሞ "የኔ ልጅ፣ መቼ ነው በቁርባን የምታገባው?" ትለኛለች። ምን ልበላት? ቡናዬን ፉት እላለሁ።

ጥር ሲደርስ ደግሞ "ሰው አንሶናል፣ ቶሎ ና" ብለው መደወላቸው አይቀርም።