ለማየት ብቻ ነው

የተወለድኩት ሰሜን ሸዋ፣ ከጣርማበር ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። አገሩን የሚያውቅ ያውቀዋል። ደጋ ነው፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። ከሁሉ በላይ ግን ሰማይ ነው። ቀና ካልክ የሚጋርድህ ነገር የለም። በግ የሚጠብቅ ልጅ ደግሞ ቀና ከማለት ሌላ ብዙ ሥራ የለውም።

የአውሮፕላን ፍቅር የያዘኝ እዚያ ነው። መጀመሪያ ድምፁ ይመጣል። በጎቹን ትተን እንሮጣለን። አንዱ "ያውና!" ሲል ሌላው "የታል? የታል?" ይላል። ድምፁ በመጣበት በኩል ብትፈልገው አታገኘውም፤ አውሮፕላኑ ከድምፁ ቀድሞ ሄዷል። ይህን ፊዚክስ ሳንማር ነው ያወቅነው። ከዚያ እጃችንን እያውለበለብን ጉሮሯችን እስኪዘጋ እንጮሃለን። የሚያዩን ይመስለን ነበር። እንዲያውም እኛ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለምንኖር ከቆላ ልጆች ይልቅ እኛን አጥርተው እንደሚያዩን እርግጠኞች ነበርን።

አያቴ አትጮህም። ከጓዳ ትወጣና እጇን በግንባሯ ላይ ጋርዳ ቀና ትላለች። "በሰላም ያግባችሁ" ትላለች። ተመልሳ ወደ ሥራዋ። እሷ ብረቱን አልነበረም የምታየው፤ ውስጡ የተቀመጠውን ሰው ነበር።

አሁን የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ብዙ ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ። ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ የነዳ አበሻ ሬገን ኤርፖርትን ያውቃል፤ ወረፋውንም ያውቃል። ወረፋው ሲመረኝ የምሄድበት ቦታ ነበረኝ። ግራቭሊ ፖይንት ይባላል። ከኤርፖርቱ በስተሰሜን፣ በፖቶማክ ወንዝ ዳር ያለ ተራ ሣር ሜዳ ነው። የማኮብኮቢያው ጫፍ እዚያው አፍንጫው ሥር ነው። ነፋሱ ከደቡብ ሲሆን አውሮፕላኖቹ ወንዙን ተከትለው እየተጠማዘዙ መጥተው በራስህ ላይ አልፈው ያርፋሉ። የጎማውን ጥቁረት ታያለህ። ድምፁ ደረትህ ውስጥ ገብቶ ይወጣል።

መጀመሪያ ቀን ከመኪናዬ አልወረድኩም። ፍርፍሬን በፕላስቲክ ሣህን ይዤ በመስኮት አያለሁ። አንድ ሰውዬ ክንድ የሚያህል ሌንስ ያለው ካሜራ ወደ ሰማይ ደግኗል። "ይሄ ሰውዬ አሁን ይታሰራል" አልኩ በልቤ። የፓርክ ፖሊስ መኪና ቀስ እያለ መጣ። ጉሮሮዬ ላይ ያለው ጉርሻ አልወርድ አለ። ፖሊሱ ዞሮ ሄደ። ሰውየው ዞር ብሎም አላየውም።

ከዚያ በኋላ ነው ሰዉን ማየት የጀመርኩት። ብርድ ልብስ አንጥፈው ፒዛ የሚበሉ ቤተሰቦች። ልጁን በትከሻው የተሸከመ አባት። አውሮፕላኑ በላያቸው ሲያልፍ ልጁ ጆሮውን ይዞ ይስቃል፤ አባትየው ደግሞ ከልጁ ብሶ አፉን ከፍቷል። ታጣፊ ወንበር ይዘው የሚመጡ ጡረተኞች አሉ። ለመኪና ማቆሚያ አይከፈልም። የሚጠይቅህም የለም።

ከጡረተኞቹ አንዱ ጋር ተግባባን። ትንሽ ሬዲዮ ይዞ አብራሪዎቹ ከመቆጣጠሪያ ማማው ጋር የሚነጋገሩትን ያዳምጣል። ከየት እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ኢትዮጵያ ስለው ስለ አበበ ቢቂላ የሚያነሳ መስሎኝ ነበር። እሱ ያነሳው የቦሌን ከፍታ ነው። "አየሩ ስስ ነው፤ እዚያ መነሳት ቀላል አይደለም" አለኝ።

ነገሩን አብራራልኝ። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ነው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል። አየሩ ሲሳሳ የክንፉም የሞተሩም ጉልበት ይቀንሳል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ብዙ መንደርደር አለበት። እስከ ዋሽንግተን የሚያደርስ ነዳጅና ሙሉ ጭነት አንድ ላይ ይዞ መነሳት ይከብደዋል። የአየር መንገዳችን በረራ ወደዚህ ሲመጣ መንገድ ላይ የሚያርፈው ለዚህ ነው፤ ዓመት እየለየ በሮም፣ በደብሊን፣ በሎሜ። ሲመለስ ግን የሚነሳበት የዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት ቆላ ስለሆነ ነዳጁን ሞልቶ በአንድ ትንፋሽ አዲስ አበባ ይገባል።

አፈርኩ። በዚያ አውሮፕላን ስንት ጊዜ ተመላልሻለሁ! ስንሄድ ለምን እንደምናርፍ፣ ስንመለስ ለምን እንደማናርፍ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። አየር ሲሳሳ ምን እንደሆነ ሳንባዬ የሚያውቀውን ነገር አንድ የቨርጂኒያ ጡረተኛ ነገረኝ። የት ተማረው? ሣር ላይ ቁጭ ብሎ እያየ፣ እየጠየቀ።

ኋላ ላይ ሌሎች ቦታዎችም እንዳሉ ደረስኩበት። ሜሪላንድ ውስጥ በባልቲሞሩ ኤርፖርት ዳር ለዚሁ ተብሎ የተሠራ መመልከቻ አለ፤ የልጆች መጫወቻም አለው። ደለስ አጠገብ ያለው የስሚዝሶኒያን የአቪዬሽን ሙዚየም ከድምፅ ይፈጥን የነበረውን ኮንኮርድ አውሮፕላንና ዲስከቨሪ የምትባለዋን የጠፈር መንኮራኩር አስቀምጧል። በዚያ ላይ የሚያርፈውን አውሮፕላን የምታይበት ማማ አለው። መግቢያው በነፃ ነው (ለመኪና ማቆሚያ ግን ያስከፍሉሃል፤ ፈረንጅ ነጻ ሲል ቀጥሎ ያለውን አንብብ)። ሙኒክ ደግሞ ከኤርፖርቱ ጎን ኮረብታ አበጅተው ሰው እየወጣ ያያል። ኮረብታ! የአፈር ቁልል ማለት ነው።

ፈረንጅ ሁሉ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። በፈረንጆቹ 2001፣ አሥራ ሁለት እንግሊዛውያንና ሁለት ሆላንዳውያን የአውሮፕላን ወዳጆች ግሪክ ውስጥ ካላማታ ላይ የአውሮፕላን ቁጥር ሲመዘግቡ ተይዘው በስለላ ተከሰሱ። ተፈረደባቸውም። በይግባኝ ነፃ የወጡት ከተያዙ ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። የግሪክ ፖሊስ "ሰው እንዴት ለመዝናኛ የአውሮፕላን ቁጥር ይጽፋል?" ብሎ ግራ ተጋብቶ ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔም ከባለሬዲዮው ጡረተኛ ጋር ባልተዋወቅኩ ኖሮ ግራ ይገባኝ ነበር።

ደብረ ብርሃን የእህቴ ልጅ አለ። 14 ዓመቱ ነው። ደብተሩ ከኋላ በኩል በሙሉ አውሮፕላን ነው። ስልኩ ላይ የበረራ መከታተያ አፕሊኬሽን ጭኗል። በላዩ የሚያልፈውን ከየት እንደመጣ፣ ወዴት እንደሚሄድ፣ ከኢቲ (የኢትዮጵያ አውሮፕላኖች መለያ ነው) ቀጥሎ ያሉትን ፊደሎች ሳይቀር ይመዘግባል። ድምፅ ሰምቶ "ይሄ ዳሽ ነው፤ ፕሮፔለር አለው" ይላል። እኔ ወጥቼ አያለሁ፤ ልክ ነው። ይህ ልጅ መሬት ላይ የቆመ አውሮፕላን አይቶ አያውቅም ነበር። ደብረ ብርሃን ላይ አውሮፕላን ያልፋል እንጂ አያርፍም።

ታዲያ ባለፈው ስመጣ ይዤው ወጣሁ። ስሟን የማልጠራት አንዲት ከተማ ኤርፖርት አጥር አጠገብ፣ ከመንገዱ ማዶ ቆምን። አንድ አውሮፕላን እየተንደረደረ ነበር። ልጁ ስልኩን አወጣ። ጥበቃው መጣ። ጨዋ ሰው ነው፤ ክፉ አልተናገረም።

"ጋሼ፣ እዚህ መቆም አይቻልም። ፎቶውንም ያጥፉት።"

"ልጁ አውሮፕላን ይወዳል፤ ሌላ ነገር የለውም" አልኩ።

"መመሪያ ነው።"

ልጁ ፊቱ ቀላ። "ለማየት ብቻ ነው" አለ። ድምፁ ሊሰማ አልቻለም። ፎቶውን አጠፋው። ጥበቃው ራሱ ቆሞ እያየ አረጋገጠ። አውሮፕላኑ ያን ጊዜ ተነስቶ ሄዶ ነበር። ሳናየው።

በጥበቃው አልፈርድም። እንጀራው ነው። በዚያ ላይ የእኛ ሰማይ እንደ ድሮው አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ከደረሰ ወዲህ እህቴ የነገረችኝን አልረሳም። የሰፈሯ ሕፃናት የሞተር ድምፅ ሲሰሙ ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ቤት ይሮጡ ነበር። ይህን እያወቅኩ "ጥርጣሬው ከየት መጣ?" ብል ውሸት ይሆንብኛል። ግን ደግሞ ጥርጣሬ የሚበዛው ሰው ተደብቆ ሲያይ ነው። ቦታ ስጠውና በግልጽ ይይ። በካናዳ ኦታዋ የአውሮፕላን ወዳጆቹ ከኤርፖርቱ ጋር ተስማምተው በአጥሩ ዙሪያ ያልተለመደ ነገር ሲያዩ ይጠቁማሉ። በየቀኑ አጥሩ ጋ የሚቆም ሰው ቦታውን ከማንም በላይ ያውቃላ! እንግዳ ነገር መጀመሪያ የሚታየው ለእሱ ነው።

ደግሞ እኛ በአውሮፕላን የማንኮራ ሕዝብ አይደለንም። የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። አየር መንገዳችን መጋቢት 30 ቀን 1938 በአስመራ በኩል ካይሮ በረረ። ድሪምላይነርን በፈረንጆቹ 2012፣ ኤርባስ 350ን በ2016 ከአፍሪካ ቀድሞ አስገባ። ይህን የማይተርክ ታክሲ ነጂ ዋሽንግተን ውስጥ የለም። በአገራችን የተሠራችው ቀይዋ አውሮፕላን፣ ፀሐይ፣ ጣሊያን ከወሰዳት ከ80 ዓመት በላይ ቆይታ በ2016 ዓ.ም. ስትመለስ ስንቱ ሰው ዓይኑ እንባ አቀረረ። ግን ትኬት ሳይቆርጥ ድሪምላይነርን በቅርብ ያየ ማን አለ?

አውሮፕላን ለማየት ከሁሉም በላይ የሚገባት አንዲት ሴት ደግሞ አይቻለሁ። ቦሌ መኪና ማቆሚያው ላይ ነው። ከመንዝ የመጣች እናት ናት፤ አነጋገሯ ነገረኝ። ልጇ ወደ ዓረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት መሄዷ ነው። ልጅቷ በመስታወቱ በር ገባች። ትኬት የሌለው አይገባም። እናትየዋ እዚያው ቆመች። ባና ትከሻዋ ላይ አጣጥፋለች፤ ለልጇ ያመጣችው ነው፣ ልጅቷ ግን "ሙቀት ነው አሉኝ" ብላ መለሰችላት። አንድ አውሮፕላን ተነሳ። ወደ እኔ ዞረች።

"የኔ ልጅ፣ ያቺ ናት የሷ?"

አላውቅም። ልጅቷ ከገባች ገና ግማሽ ሰዓት አልሞላም፤ ልትሆን አትችልም። "አይመስለኝም፣ እናቴ" አልኳት። ሌላ ተነሳ። "ይሄስ?" አለች። አራት አውሮፕላን አብረን አየን። ከሁሉም በኋላ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ምን እንደምትል መስማት አላስፈለገኝም።

እኔ ስለ መመልከቻ ቦታ ሳስብ ከሌንሱ ሰውዬ በፊት የምትመጣብኝ ይህቺ ሴት ናት። ግራቭሊ ፖይንት ያሉት ሰዎች የአውሮፕላኑን ዓይነት ያውቃሉ። ውስጡ ስላለው ሰው ሲጨነቁ ግን አላየሁም። የእኛ ሰው የሚያየው ተሳፋሪውን ነው። ስለዚህ የእኛው መመልከቻ እንደነሱ አይሆንም። የሸኚ ቦታ ይሆናል። አግዳሚ ወንበር፣ ጀበና የያዘች ልጅ፣ ቆሎ፣ ሽንት ቤት። አንድ ሰሌዳ ደግሞ "አሁን የሚነሳው ወደ ጅዳ ነው" የሚል። ከዚያ ጎን ስለ 2,334 ሜትሩ የሚያስረዳ ሌላ ሰሌዳ። የደብረ ብርሃን ተማሪዎች በአውቶቡስ 130 ኪሎ ሜትር መጥተው ያነቡታል።

ቆሞ ማየትንማ ማንም ሊያስተምረን አያስፈልግም። ጣርማበር አካባቢ የምኒልክ መስኮት አለ። መኪናው ይቆማል። ሰው ገደሉ አፋፍ ላይ ሄዶ ቁልቁል ቆላውን ያያል። ጭላዳው አጠገቡ ሣር ይነጫል። ልጆች የሱፍ ባርኔጣ ይሸጣሉ። ማንም "ምን ፈልገህ ታያለህ?" አይልም። ደብረ ብርሃን ራሷስ? ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከሰማይ ብርሃን ወርዶ ታየ ብለው የቆረቆሯት ከተማ ናት። ቀና ብሎ በማየት የተመሠረተ ከተማ ልጅ አውሮፕላን አየህ ተብሎ ሲገሠጽ አይከነክንም?

ቢሾፍቱ አጠገብ፣ አቡሴራ ላይ፣ አራት ማኮብኮቢያ የሚኖረው አዲስ ኤርፖርት ታቅዷል። ሲያልቅ በዓመት 110 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ነው። ያን የሚያህል ቦታ ሲደለደል ስንት አፈር እንደሚወጣ አስቡት። እኔ ከዚያ አፈር የምጠይቀው አንድ ቁልል ነው። ከላዩ ሣር፣ ከፊቱ ሽቦ። አንዳንድ አገር ሽቦው ላይ ለካሜራ የምትሆን ቀዳዳ ይተዋሉ፤ እሷ ብትቀርም ግድ የለም። በኋላ ከሚፈለግለት አሁን ፕላኑ ላይ ቢገባ ይረክሳል።

ወደ አሜሪካ የተመለስኩት በሎሜ በኩል ነበር። ምሽት ነው። የእህቴ ልጅ ሰዓቱን ጠይቆኝ ነበር። እናቱን ይዞ፣ ሁለቱም ጋቢ ለብሰው፣ ግቢ ወጥተው ሰማይ እያዩ እንደሚጠብቁኝ ቃል ገባ። መስኮት ዳር ተቀምጬ ወደ ታች ሳይ ቆየሁ። የምለየው መብራት አልነበረም። ሎሜ ላይ ስልኬን ስከፍት መልእክቱ ገብቷል።

"ጋሼ፣ በእኛ በኩል አላለፋችሁም። ወደ ምዕራብ ታጠፋችሁ። እማዬ ግን ሌላ አውሮፕላን ሲያልፍ 'ግድ የለም፣ እነዚህም የሰው ልጆች ናቸው' ብላ እጇን አውለብልባለች።"