ወንዙ ወዴት የሚወስደው መሰላችሁ?

የአዲስ አበባ ሰዎች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ቅር አይበላችሁ፣ የምቆጣው እንደ ጎረቤት ነው። የምኖረው አቃቂ ነው፤ ላይኛው ሰፈር ወንዝ ውስጥ የተለቀቀ ፍሳሽና ቆሻሻ ሁሉ የሚደርሰው እኛ ጋ ነው።

«ተወው፣ ወንዙ ይወስደዋል» ትላላችሁ። ወዴት? ትልቁም ትንሹም የአቃቂ ወንዝ ከእንጦጦ በኩል ተነስተው፣ ከተማውን ሰንጥቀው፣ የየሰፈሩን ጉድ ተሸክመው ቁልቁል ይወርዱና አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባሉ። አገራችን ባህር የላትም ብለን እናዝናለን እንጂ የእኛ ሰፈር እኮ የውሃ ዳር ሰፈር ነው። ኑሮው ከውሃው ነው። ቆስጣውን፣ ሰላጣውን፣ ጎመኑን፣ ካሮቱን ከወንዙ በሞተር እየሳበ የሚያለማ ገበሬ ሞልቷል። ከብቱም የሚጠጣው ከዚሁ ነው። ያ ሰላጣ ጠዋት ገበያ ወጥቶ ምሳ ላይ እናንተው ቤት ይቀርባል።

ሽንት ቤቱ ሲሞላ ዝናብ ጠብቃችሁ በጎርፍ የምትለቁ፣ ቱቦውን በስውር ከጎርፍ መውረጃ ጋር ያገናኛችሁ፣ ልጆቻችሁ የሚበሉት ምን እንደሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ባለፋብሪካዎችም ስሙ። የሽንት ቤቱን ጀርም እሳት ይገድለው ይሆናል። ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣው ክሮሚየም የሚባል ብረት ግን ጎመኑ ቢቀቀል ቢቀቀል አይጠፋም።

ገበሬዎቹን መቆጣት ግን ይከብደኛል። ሌላ ውሃ ማን ሰጣቸው?

አባ ሳሙኤልን ሄዳችሁ እዩት። ድሮ የተሠራ ግድብ ነው፣ በአገራችን ከመጀመሪያዎቹ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ፣ አቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት። ለአስርት ዓመታት ሥራ አቁሞ ከቆየ በኋላ በ2009 ዓ.ም. ታድሶ እንደገና መብራት መስጠት ጀመረ። ደስ ብሎን ነበር። ሐይቁን ግን ማን አደሰው? ደለሉ አለ፣ ፕላስቲኩ አለ፣ ሽታው አለ፣ በእኛው ፍሳሽ የሚወፍረው እምቦጭ አለ።

ከዚያ ውሃው አዋሽን ይቀላቀላል፣ ቆቃ ይገባል፣ በመተሐራ አድርጎ አፋር ይወርዳል፤ በየመንገዱ ሰው ይጠጣዋል፣ እርሻ ያጠጣበታል። አዋሽ ደግሞ ባህር አይገባም። ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ደርሶ እዚያው ይቀራል። ወንዙ ይወስደዋል የምትሉት ነገር የሚሄድበት ባህር የለውም ወገኖቼ፣ ሁሉም እዚሁ እኛው መሃል ነው ያለው።

ክረምቱ ሲገባ ያንን የሽንት ቤት ጉድጓድ ወደ ጎርፉ አትክፈቱት። ገንዘብ አዋጡና የፍሳሽ መኪና ጥሩ። ብቻችሁን ከከበዳችሁ ከጎረቤት ጋር ሆናችሁ ጥሩት። ሌሊት በጎርፍ የሚለቅ ጎረቤት ካያችሁም ዝም አትበሉት፣ በሩን አንኳኩና ንገሩት።