ውሻው ቁልፉን ሲረግጥ የሚናገረው ማን ነው?

ወለል ላይ የሚደረደሩ፣ ሲረገጡ «ውጪ»፣ «ውሃ»፣ «ጨዋታ» የሚል የተቀዳ ድምፅ የሚያሰሙ ቁልፎች አሉ። አሜሪካዊቷ የንግግር ሕክምና ባለሙያ ክርስቲና ሀንገር ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስቴላ የተባለች ውሻዋን ካስተማረችባቸው ወዲህ ብዙ ሰው ተከትሏታል። ውሾች በቁልፉ ያናግሩናል? ሁለት የውሻ ባለቤቶች እንዲህ ተከራክረዋል።

ደጋፊ፦ ውሻ ድሮም ያናግረናል። በር ይቧጭራል፣ ባዶ ሳህኑን በአፍንጫው ይገፋል። ቁልፉ ይህንኑ ያጠራዋል። ሀንገር ዘዴውን የወሰደችው አፍ መፍታት ካስቸገራቸው ሕፃናት ጋር ከምትሠራበት ሙያዋ ነው፤ ቃሉን እየተናገሩ፣ ቁልፉን እየተጫኑ፣ ነገሩን ወዲያው ማድረግ። እኔም በር በከፈትኩ ቁጥር «ውጪ» የሚለውን እጫን ነበር። ከሳምንታት በኋላ ውሻዬ ራሱ ረገጠውና በሩ ፊት ቆሞ ጠበቀኝ።

ተቃዋሚ፦ በሩ ፊት መቆሙ ብቻውን ይበቃ አልነበረም? የሚረገጥ ነገር የሚፈለገውን ካመጣ ማንኛውም ውሻ መርገጥ ይማራል፤ ይህ ልማድ እንጂ ንግግር አይደለም። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በርሊን ውስጥ ሃንስ የተባለ ፈረስ ነበር። የሂሳብ ጥያቄ ሲቀርብለት በሰኮናው እየመታ ይመልሳል፤ ጉድ ተባለለት። ፈረሱን የመረመረው ተመራማሪ ኦስካር ፕፉንግስት ውጤቱን በ1907 ሲያወጣ፣ ጠያቂው መልሱን ካላወቀ ወይም ፈረሱ ጠያቂውን ካላየው እንደሚሳሳት አሳየ። ፈረሱ ያነብ የነበረው የሰውየውን ራስ ጥቃቅን እንቅስቃሴ ነው። ባለቤቱ ፎን ኦስተን አታላይ አልነበረም፤ ከልቡ ያምን ነበር። እኔን የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። እኛም ውሾቻችንን እንወዳለን፣ እንዲያናግሩን እንጓጓለን፣ የጓጓ ሰው ደግሞ ያልተባለውን ይሰማል። የውሻ ባሕርይ ተመራማሪዋ አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ በ2009 ያሳተመችው ጥናት ውሻ «ያፈረ» የሚመስለን ስላጠፋ ሳይሆን ስለተቆጣነው መሆኑን አሳይቷል።

ደጋፊ፦ ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው፤ ተመራማሪዎችም አልዘነጉትም። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲየጎ የፌደሪኮ ሮሳኖ ቡድን በ2024 በ59 ውሾች ላይ ባወጣው ጥናት፣ ቃሉ በአፍም ይነገር በቁልፍ፣ የሚጫነው ባለቤቱም ይሁን እንግዳ ሰው፣ ውሾቹ ለ«ውጪ» እና ለ«ጨዋታ» ተገቢውን ምላሽ ሰጥተዋል። በዚያው ዓመት 152 ውሾች በ21 ወራት ያደረጉት ከ195,000 የማያንስ ንክኪ ሲመረመር ደግሞ፣ ሁለት ቁልፎችን የሚያከታትሉት እንዲያው በነሲብ እንዳልሆነ ታየ፤ ለምሳሌ «ውጪ»ን ከ«ሽንት» ጋር። ሰዎቹ አዘውትረው የሚጫኑትን «እወድሃለሁ» ግን ውሾቹ ብዙም አልፈለጉትም። የባለቤታቸውን እጅ ብቻ እየቀዱ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልሆነ።

ተቃዋሚ፦ የመጀመሪያው ጥናት ያሳየው መስማታቸውን ነው፤ በዚያ አልከራከርም። ቼዘር የተባለችው ውሻ ከ1,000 በላይ የመጫወቻ ስሞችን ለይታ ታውቅ ነበር። ሰምቶ መረዳት ሌላ፣ አስቦ መናገር ሌላ። ሁለተኛው የተሠራው ባለቤቶች ራሳቸው ከመዘገቡት ነው። «ውጪ» እና «ሽንት» በየቀኑ አብረው የሚውሉ ነገሮች ስለሆኑ መከታተላቸው ዓረፍተ ነገር አያደርጋቸውም። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የዓይናችን ነገር ነው። ውሻ ከንፈሩን ሲልስ፣ ፊቱን ሲያዞር፣ ጅራቱን በእግሮቹ መካከል ሲሸጉጥ እየነገረን ነው። ቁልፉ ላይ ያፈጠጠ ሰው ይህን ያልፈዋል።

ደጋፊ፦ እኔ ዓረፍተ ነገር አልጠየቅኩትም። ኖርዌይ ውስጥ 23 ፈረሶች ልብስ ይደረብልኝ፣ ይውለቅልኝ፣ እንዳለሁ ልሁን የሚሉ ሦስት ምልክቶችን ተምረው እንደ አየሩ ሁኔታ መርጠዋል፤ ጥናቱ የወጣው በ2016 ነው። የምፈልገው ይህንኑ ነው፤ ስለ ገዛ ገላው እንዲመርጥ። ውሻዬ «ያመኛል» የሚል ቁልፍ አለው፤ ቁስሉን ስጠርግለት እየተጫንኩ ያስተማርኩት። አንድ ማታ እየደጋገመ ረገጠው። ብፈትሸው በጣቶቹ መካከል እሾህ ተሰክቶ አገኘሁ። ያኔ አያነክስም ነበር።

ተቃዋሚ፦ የፈረሶቹን እቀበላለሁ፤ ምርጫው ግልጽ ነው፣ ከአየሩ ጋርም ይመሳከራል። እሾሁን በማግኘትዎም ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ውሻ ሕመሙን ይደብቃል። ቁልፉን የረገጠ ማታ እንደፈተሹት አምናለሁ። ሳይረግጠው የዋለ ቀንስ እግሩን ያዩለታል?

ደጋፊ፦ ከዚያ ማታ ወዲህ በየቀኑ አያለሁ። ቁልፉን ግን አላነሳም።